እንቁላሉን መልሺው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቡና ላፈላ ወደ ማዕድ ቤት ስገባ ወለሉ ላይ አንድ እንቁላል ፈርጦ፣ የልጅ ልጄ ሳራ ደግሞ አጠገቡ ቆማ አገኘኋት። ስድስት ዓመቷ ነው። አልደነገጠችም፣ አላለቀሰችም፣ «እኔ አይደለሁም» አላለችም። «እማማ፣ እንዳትጠርጊው፤ ገና አልመለስኩትም» ነበር ያለችኝ።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ለካ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት አንድ ቪዲዮ አይታለች። መሬት ላይ የተሰበረ እንቁላል አስኳሉ ተሰብስቦ፣ ቅርፊቱ ገጥሞ፣ ብድግ ብሎ ሰው እጅ ውስጥ ሲገባ ያሳያል። እሷም ስልኬን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ ካሜራውን ከፈተችና ከማቀዝቀዣው ያወጣችውን እንቁላል ለቀቀችው። ቀረፃው ተሳክቷል። የቀረው መመለሱ ብቻ ነበር። የእንቁላል ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁ አንባቢዎቼ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማኝ መገመት አያቅታችሁም።

ልቆጣ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ሠላሳ ዓመት ያህል ሳስተምር ተማሪዎቼ ሙከራ እንዲሠሩ ስለምን የኖርኩ ሰው፣ የሞከረችን ልጅ በምን አፌ እቆጣለሁ? ወለሉን አብረን ጠረግንና ቪዲዮውን ከፈትነው። ሳራ ከታች ያለችውን መስመር በጣቷ ይዛ ወደ ግራ ጎተተች። እንቁላሉ ወለሉ ላይ ነው። ትንሽ ጎተተች፤ አሁንም ወለሉ ላይ ነው። ሌላ ትንሽ ጎተተች፤ በአንድ ጊዜ እጇ ውስጥ ሆነ። መሃሉ የለም።

«ዘለለው!» አለች ተናዳ። ደጋግማ ሞከረች፤ ደጋግሞ ዘለለው። ከዚያ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጣ «እሺ፣ የአባባንስ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እንድትረዱልኝ ስለ አባባ ቪዲዮ መናገር አለብኝ። ሳራ ተወልዳ ልጄ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣች ቀን ታናሹ ልጄ በስልኩ የቀረፀው፣ አራት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ባህር ማዶ ያሉት ዘመዶቻችንም እንዲያዩት ብሎ ለቤተሰቡ በሠራው አንዲት ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦታል። ባለቤቴ ከአራሷ አልጋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ ይነሳሉ፤ ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አውርደው ያደርጋሉ፤ ሕፃኗ ላይ ጎንበስ ብለው «ሳራ» ይላሉ። ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሲጠራ የሰማነውም ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ በሩን ከፍተው ለገንፎው ቅቤ ሊገዙ ይወጣሉ። በሩ ይዘጋል። ቪዲዮው ያልቃል።

ባለቤቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሳራ ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው አላውቅም። ሁልጊዜም በሩ ሲዘጋ ነው የሚያልቀው።

«ወደ ኋላ ከሄደ አባባ በበሩ ይገባሉ አይደል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ለልጅ ስለ ሞት እውነቱን በግልጽ መንገር እንደሚሻል በዚሁ ዓምድ ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። መጻፍ ቀላል ነው። «ሥዕላቸው ይገባል። እሳቸው ግን አይመጡም፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ሲገቡ ማየት ነው የፈለግኩት።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ታናሹ ልጄ መጣ። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ስለሆነ ሳራ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው። እሱም እንደ ቀላል ነገር ኮምፒውተሩን ከፍቶ የቤተሰቡን ገጽ አወጣና «እማዬ፣ አንቺም ተመልከቺ» አለኝ። የቪዲዮውን ፍጥነት የሚወስን አንድ ቁጥር አለ። 1 ሲሆን ቪዲዮው በመደበኛ ፍጥነቱ ይሄዳል። 2 ብሎ ጻፈ፤ ባለቤቴ እንደ ጎረምሳ ተስፈንጥረው ተነሱ። ግማሽ ብሎ ጻፈ፤ በእርጋታ ተነሱ። ከዚያ ከዜሮ በታች፣ ነጌቲቭ 1 ብሎ ጻፈ። ቪዲዮው ንቅንቅ አላለም። በቀይ ቀለም አንድ መስመር የስህተት ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

የሚገርመው፣ ነገሩ በደንቡ ላይ የተፈቀደ መሆኑ ነው። ድረ ገጾች የሚጻፉበት የኤችቲኤምኤል ደንብ ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ሊሆን እንደሚችል፣ ያኔም ቪዲዮው ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ድምፁም ጸጥ እንደሚል ይናገራል። ነገር ግን ይህን መሥራት የማይችል ብሮውዘር «አልችልም» ብሎ እንዲመልስም ፈቅዶለታል። የአፕሉ ሳፋሪ ይቀበላል። ክሮምና ፋየርፎክስ እምቢ ይላሉ። በእኛ ቤት የአፕል ስልክም ኮምፒውተርም የለም።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ወደ ኋላ መመለስን ያህል ነገር እንዴት ያቅታል? በእኛ ጊዜ እኮ ይህ ቀላል ነበር። የትልቋ ልጄን የሠርግ ቪዲዮ በቪኤችኤስ ካሴት ስናይ፣ ምስሉ እየታየ ወደ ኋላ ማጠንጠን ይቻል ነበር። ሙሽሮቹ የጎረሱትን ኬክ ከአፋቸው አውጥተው ሲመልሱ፣ መኪናው በቂጡ ከግቢ ሲወጣ እያየን እንስቅ ነበር። የዘፈን ካሴትስ ቢሆን? ክሩ ተበጥሶ በፕላስተር ስንቀጥለው አንዳንዴ ተጣሞ ይገጥምብንና ዘፋኙ በማናውቀው ቋንቋ ሲያጉተመትም እንሰማ ነበር። ያ ድምፅ ሌላ አልነበረም፤ የሌላኛው ፊት ዘፈን ነው፣ ክሩ ስለዞረ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተነበበ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የፈረንሳዩ ሉዊ ሉሚየር ሠራተኞች አንድ ግንብ ሲያፈርሱ ቀርፆ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ እያዞሩ ሲያሳዩት የፈረሰው ግንብ ከአቧራው መሃል ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ሲኒማ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ታዲያ ያኔ የተቻለ ዛሬ ለምን አቃተ?

ልጄ ሳቀና «ያኔ እያንዳንዱ ሥዕል ሙሉ ነበራ» አለኝ። የፊልሙ ጥቅል ላይ እያንዳንዱ ፎቶ ራሱን የቻለ ነው። የቪኤችኤስ ክር ላይም እንደዚያው። ከየትም ጀምሮ፣ በየትም አቅጣጫ ቢነበብ ሥዕሉ ሥዕል ነው። የዛሬው የስልክ ቪዲዮ ግን እንዲህ ቢቀመጥ ስልኩ ባንድ ቀን ይሞላል። ስለዚህ ይታመቃል። ሲታመቅ በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ሙሉ ሥዕል ይቀመጥና በመሃል ያሉት ግን ሥዕል አይደሉም፤ የተለወጠውን ብቻ የሚናገሩ ትእዛዞች ናቸው።

ይህን ለራሴ የገባኝ በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ሰሌዳውን ሙሉ ጻፈ እንበል። ከዚያ በኋላ ለተማሪው ወረቀት ብቻ ይሰጠዋል። «በቀኝ ጥግ ያለውን አጥፋና 7 ጻፍ» ይላል አንዱ። «መሃል ላይ ያለውን መስመር ወደ ግራ ውሰድ» ይላል ሌላው። ወደ ፊት ለሚሄድ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። ወደ ኋላ ለሚመለስ ግን ችግር አለ፤ ወረቀቱ 7 ከመጻፉ በፊት ጥግ ላይ ምን እንደነበረ አይናገርም። ያን ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ሙሉ ሰሌዳ ሄዶ፣ ወረቀቶቹን ከአንደኛው ጀምሮ በየተራ እየፈጸሙ እስከሚፈለገው ቦታ መድረስ።

ሂሳቡን ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት፤ ልማድ ነው። ስልክ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 30 ሥዕል ይቀርፃል። ሙሉ ሥዕል በየሁለት ሴኮንዱ ይገኛል ብንል በመሃሉ 60 ሥዕል አለ። 60ኛውን ለማሳየት ብሮውዘሩ 60ዎቹንም ይፈታል። 59ኛውን ለማሳየት እንደገና ከአንድ ጀምሮ 59 ይፈታል፤ ከዚያ 58፤ እንዲህ እያለ እስከ አንድ። ድምሩ 1,830 ነው። ወደ ፊት 60 ሥዕል በመፍታት የሚያልቅ ሁለት ሴኮንድ፣ ወደ ኋላ 1,830 ይጠይቃል። «ታዲያ አንዴ ፈትቶ ሁሉንም ለምን አይዛቸውም?» አልኩት። ያም ዋጋ አለው። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ተፈትቶ ሚሞሪ ላይ ሲቀመጥ ከ8 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። 60ው ወደ 500 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ለሁለት ሴኮንድ ብቻ። የእኔን ዓይነት ስልክ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማድረግ አይችልም።

የሳራ እንቁላል የዘለለበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ። መስመሩን በጣት ስንጎትት ቪዲዮው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአቅራቢያው ባለው ሙሉ ሥዕል ላይ ነው። እንቁላሉ የወደቀው በሁለት ሙሉ ሥዕሎች መካከል ነበር።

ልጆች የሚያዩዋቸው የተገለበጡ ቪዲዮዎች ታዲያ እንዴት ተሠሩ? መተግበሪያዎቹ ቪዲዮውን በሙሉ ፈትተው፣ ሥዕሎቹን ከመጨረሻው ጀምሮ ደርድረው፣ እንደገና አምቀው አዲስ ቅጂ ያወጣሉ። ተመልካቹ ጋ ሲደርስ ቪዲዮው የሚጫወተው እንደማንኛውም ወደ ፊት ነው፤ የተገለበጠው ውስጡ ነው። በነገራችን ላይ፣ እንደ እኔ ከቤተሰብ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ቅጽበት የምትፈልጉ ከሆነ መስመሩን ከመጎተት የሚሻል አለ። ዩቲዩብ ላይ ያለ ቪዲዮ ከሆነ በኮምፒውተር አቁሙትና የኮማን ቁልፍ ተጫኑ፤ አንድ ሥዕል ወደ ኋላ ይሄዳል። የነጥቡ ቁልፍ አንድ ወደ ፊት ይመልሳችኋል። በስልክ ደግሞ የማያውን ግራ ጎን ሁለቴ ነካ ማድረግ ዐሥር ሴኮንድ ይመልሳል።

ልጄም ለአባባ ቪዲዮ እንዲሁ ቅጂ ሊሠራ ተስማማ፤ የመጨረሻውን አርባ ሴኮንድ ብቻ። ኮምፒውተሩ ሥራውን እስኪጨርስ ሳራ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። «ድምፁስ?» አለች።

ድምፅ ከሥዕል ይቀላል። ተፈትቶ ሲታይ ረጅም የቁጥር ረድፍ ነው፤ በቪዲዮ ውስጥ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 48,000 ቁጥር። ብሮውዘሩ ረድፉን በሙሉ ሚሞሪ ውስጥ አስገብቶ ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ ይችላል፤ ክሮምም ፋየርፎክስም ይህን ያለ ችግር ይሠራሉ። ልጄ አባቱ «ሳራ» ያሉባትን ቁራጭ ለየ።

እኔ በዚህ ጊዜ ተነስቼ ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ። የእሳቸው ድምፅ እንደዚያ እንደተጣመመ ካሴት ሆኖ መስማት አልፈለግኩም። ያላቸው ድምፅ ይህና ሌሎች ጥቂት ናቸው፤ አንዴ ከተበላሸ ጆሮዬ ላይ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሰሃን እያጠብኩ ሳለ ሳራ ስትጮህ ሰማኋት። «እማማ! አባባ አራስ አሉ!»

መጥቼ ሰማሁ። እውነትም «አራስ» ይላል። የእሳቸው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ የተሳበ ቢመስልም የሚያስፈራ አልነበረም። ልጄም ደንግጦ ነበር። እኔ ግን የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝና ለሳራ ወረቀት ላይ አሳየኋት። ድምፅ ሲገለበጥ የሚገለበጠው ፊደል አይደለም። «ሳራ»ን በፊደል ብንገለብጥ «ራሳ» ይሆናል። ድምፁ ግን ፊደሉን ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ «ሳ» ማለት «ስ» ቀጥሎ «ኣ» ነው፤ «ራ» ደግሞ «ር» ቀጥሎ «ኣ»። ከኋላ ሲነበብ «ኣ፣ ር፣ ኣ፣ ስ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? «ሰላም»ን ቀርፀን ስንገለብጠው «ማለስ» የሚመስል ነገር ሆነ። «አበባ» ደግሞ ዞሮ ዞሮ «አበባ» ሆኖ መጣ ማለት ይቻላል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ቤት ስላሰፈራቸው ልጆች ሁለት መሆናቸውን ቶሎ አያስተውሉም፤ ያን ያህል ዓመት ሳስተምር ይህን መላ ባውቀው ኖሮ ስንት ድካም በቀረልኝ።

አንድ ነገር ግን አጣራሁ። ሰኞ ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ምንም ሳልነግራት ያን ቁራጭ አሰማኋት። «የሚያቃስት ሰው ነው?» አለችኝ። «አራስ ይላል» ስላት ደግማ ሰማችና «ውይ! እውነትሽን ነው!» አለች። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። «ይህ ዘፈን ወደ ኋላ ሲጫወት እንዲህ ይላል» እያሉ ወላጅ የሚያስደነግጡ ቪዲዮዎች ከልጆች ስልክ ወደ እኛ ይደርሳሉ። እንዲህ ያለው ድንጋጤ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ነበር፤ የሮክ ሸክላዎች ወደ ኋላ ሲዞሩ የሰይጣን መልእክት ይሰማል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ የሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆን ቮኪና ዶን ሪድ ጥናታቸውን አሳተሙ። ሰዎች የተገለበጠ ንግግር ሲሰሙ የተናጋሪውን ጾታ ይለያሉ፤ ትርጉሙን ግን አያገኙትም። ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ሲነገራቸው ግን የተነገራቸውን ይሰማሉ። እነዚያ ቪዲዮዎች ላይ ቃሉ ከታች በትልቁ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ልጃችሁ ይዞባችሁ ቢመጣ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ «እስቲ ምን ይላል?» በሉት። የሳራን ያህል ቃሉ በእርግጥ ተገጣጥሞ እንኳ ጎረቤቴ የሰማችው ማቃሰት ነው።

ወደ እሑድ ልመለስ። አመሻሹ ላይ ቅጂው ደረሰ። ድምፁን ሳራ ራሷ «አይሁን» አለች። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ እሷ መሃል።

የተዘጋ በር ይታያል። በሩ ተከፈተና ባለቤቴ በጀርባቸው ገቡ። ሕፃኗ ላይ ጎንበስ አሉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቀና አሉ። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አንስተው ምስማሩ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ በጀርባቸው ሁለት እርምጃ ሄደው፣ ሳያዩት፣ ዱካው ላይ ልክ ቁጭ አሉ።

ሳራ ማያውን ነካችው፤ ቪዲዮው ቆመ። ባለቤቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አራሷን ያያሉ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ልጄ «አሁን ወደ ፊት ላጫውተው?» አላት።

«አይ» አለች ሳራ። «ቅቤውን በኋላ ይገዛሉ።»